የጠቋሚው መዘግየት፤ ስለ ዘይት ፊልትሮ መጉደልና ስለ አሮጌ የስፖርት መኪና አነሣስ

አንድ አሮጌ የስፖርት መኪና ሌሊቱን ቆሞ አድሮ ጠዋት ሲነሣ፥ የዘይት ግፊት መለኪያው ጠቋሚ ከዜሮ አልነቃነቅ ያለ እንደ ሆነ ባለቤቱ ይደነግጣል። ሞተሩ ይሠራል፤ ከውስጡም ደረቅ የመንኳኳት ድምፅ ይሰማል፤ ጠቋሚው ግን አምስት፥ ስድስት፥ አንዳንድ ጊዜም ዐሥር ሰከንድ ያህል ተኝቶ ይቈያል። ከዚያ በኋላ በድንገት ይነሣና ከተለመደው ቦታ ይደርሳል፤ መንኳኳቱም ይጠፋል። መኪናው ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ቢውል ይህ ነገር አይደገምም። በማግሥቱ ጠዋት ግን እንደ ገና ይመጣል።

ይህን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሦስት ፍርዶች አንዱን ይፈርዳል። አንዱ «የዘይት ፖምፓው አልቋል፤ ይለወጥ» ይላል። ሁለተኛው «ዘይቱ ቀጥኗልና ወፍራም ዘይት ይደረግለት» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «የአሮጌ መኪና ጠባይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ከሦስቱ ፍርዶች አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ መኖሩን ነው፤ ይኸውም «ዘይቱ ሌሊቱን የት አደረ?» የሚለው ነው። የዚህን ጥያቄ መልስ ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ ውዱን ፖምፓ ሳይነካ በአንዲት ትንሽ የጎማ ክዳን ነገሩን ይጨርሳል። መልሱን ሳይፈልግ የፈረደ ግን ገንዘቡን ከፍሎ፥ መኪናውን ከነሕመሙ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ርእሱ ለምሕንድስና ተማሪዎች ብቻ የተተወ ይመስል ይሆናል። እኛ ግን ከአርትስ ፋኩልቲ ሆነን ስንመረምረው ከምንማረው ብዙ የራቀ ሆኖ አላገኘነውም። አንድ ምልክት ሲታይ ስለ ምን እንደሚናገርና ስለ ምን እንደማይናገር ለይቶ ማወቅ ለታሪክ ተማሪም ሆነ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ የዕለት ሥራው ነውና።

አስቀድመን በቃላት እንስማማ። በአገራችን ጋራዦች ከሚነገሩት የሞተር ቃላት ብዙዎቹ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ እኛም መካኒኮቻችን በሚጠሩበት ስም እንጠራቸዋለን። ኮፓ ማለት ከሞተሩ በታች ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ ነው። ፖምፓ ዘይቱን ከኮፓው ስቦ ወደ ላይ የሚገፋው መሣሪያ ነው። ፊልትሮ የዘይቱን እድፍ የሚያስቀረው ማጣሪያ ነው። ብሮንዚና የሚሽከረከረው ዋና ዘንግ፥ ማለት ክራንክ ሻፍቱ፥ የሚያርፍበት ከዘንጉ ይልቅ ለስላሳ የሆነ የብረት ትራስ ነው። ሞተሪኖ ደግሞ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሣው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው።

የምሳሌያችን መኪና

ነገሩ እንዲሁ በደፈናው እንዳይቀር አንድ የታወቀ መኪና እንውሰድ። ኤም ጂ ቢ የተባለው የእንግሊዝ የስፖርት መኪና እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ድረስ፥ ከኦክስፎርድ በስተ ደቡብ በምትገኘው በአቢንግደን ከተማ ይሠራ ነበር። በነዚህ ዓመታት ከ500,000 በላይ የሚሆኑ መኪናዎች ከፋብሪካው ወጥተዋል፤ ከነርሱም ብዙዎቹ ለአሜሪካ ገበያ ተሸጡ። ዛሬ መኪናው አይሠራም፤ ቢሆንም በእንግሊዝም ሆነ በአሜሪካ እየተጠገኑ የሚነዱ ብዙ አሉ። በነዚህ መኪናዎች ባለቤቶች ዘንድ የጠዋቱ የዘይት መዘግየት የታወቀ መወያያ ነው።

የኤም ጂ ቢ ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን ስፋቱ 1,798 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ክራንክ ሻፍቱ በመጀመሪያ በሦስት ዋና ብሮንዚናዎች ላይ ያርፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 መጨረሻ ወዲህ ግን አምስት ተደርገውለታል። ስለ ዘይት ግፊት የመኪናው መምሪያ መጽሐፍ የሚለው እንዲህ ነው፤ ሞተሩ ሞቆ መኪናው ሲነዳ በካሬ ኢንች ከ50 እስከ 80 ፓውንድ፥ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ደግሞ ከ10 እስከ 25 ፓውንድ። አንባቢ እነዚህን ቍጥሮች እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ ወደ ፍርድ ስንደርስ ያስፈልጉናል።

የዘይቱ መንገድ

ሞተሩ ሲዞር ፖምፓው ዘይቱን በወንፊት አሳልፎ ከኮፓው ይስባል፤ ከዚያም በሞተሩ ብረት ውስጥ በተበሳ መንገድ ይገፋዋል። በዚህ መንገድ ላይ በሞላ ተይዞ የሚዘጋ አንድ በር አለ፤ ግፊቱ ከመጠን ሲያልፍ ይከፈትና ትርፉን ዘይት ወደ ኮፓው ይመልሳል። የቀረው ዘይት፥ መኪናው የዘይት ማቀዝቀዣ ያለው እንደ ሆነ በርሱ በኩል አልፎ፥ ወደ ፊልትሮው ይገባል። ከፊልትሮው ሲወጣ ዋናውን ቦይ ያገኛል፤ ከዋናው ቦይም ወደ ክራንክ ሻፍቱ ብሮንዚናዎች፥ ወደ ካምሻፍቱና ከላይ ወዳሉት ቫልቮች ይከፋፈላል። ሥራውን ሲጨርስ እየተንጠባጠበ ወደ ኮፓው ይመለሳል።

ከዚህ እንደምንረዳው ፊልትሮው የቆመው በፖምፓውና በብሮንዚናዎቹ መካከል ነው። ወደ ብሮንዚና የሚሄድ ዘይት ሁሉ በርሱ ደጅ ሳያልፍ አይደርስም።

የመስኖ ቦይ ያየ ሰው የቀረውን ያለ ችግር ይረዳል። ውሃው ከላይ ሲለቀቅ ቦዩ ሙሉና እርጥብ ሆኖ የቈየ እንደ ሆነ በታች ያለው ገበሬ ወዲያው ያገኛል። ቦዩ ደርቆ የሰነበተ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠጣው ቦዩ ራሱ ነው። ስንጥቁ ይጠጣል፤ ጕድጓዱ ይሞላል፤ ገበሬውም አካፋውን ተደግፎ ይጠብቃል። ምንጩ አልደረቀም፤ ውሃውንም ጎረቤት አልጠለፈውም፤ ነገር ግን አስቀድሞ መሞላት ያለበት ባዶ ቦታ በመካከል ገብቷል። የፊልትሮም ነገር እንዲሁ ነው። የዚህ ዐይነት መኪና ፊልትሮ እስከ ግማሽ ሊትር የሚደርስ ዘይት ይይዛል። ባዶውን ያደረ እንደ ሆነ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ፖምፓው የሚያደርገው ድካም ሁሉ ብሮንዚናን ማጠጣት ሳይሆን ፊልትሮን መሙላት ይሆናል።

ግፊት ከየት ይመጣል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግፊትን የፖምፓው ሥራ ብቻ አድርጎ በማሰቡ ነው። ፖምፓ የሚሠራው ዘይትን ማስኬድ ነው፤ ግፊት የሚወለደው የሚሄደው ዘይት ጠባብ መንገድ ሲያጋጥመው ነው። አትክልት በጎማ ቱቦ የሚያጠጣ ሰው ይህን ያውቃል። አፉ ክፍት ሲሆን ውሃው ከእግሩ ሥር ይፈስሳል፤ የቱቦውን አፍ በአውራ ጣቱ ሲያጠብበው ግን እስከ አጥር ድረስ ይወረወራል። የውሃው ምንጭ ያው ነው፤ የተለወጠው ተቃውሞው ነው።

እንግዲህ ባዶ ፊልትሮ በሚሞላበት ጊዜ ዘይቱን የሚቃወም ነገር እምብዛም ስለሌለ ጠቋሚው ዜሮ ላይ ይተኛል። በዚህ ጊዜ ዜሮ ማለት «ፖምፓው አይሠራም» ማለት አይደለም፤ «ዘይቱ ገና ጠባቡ መንገድ ላይ አልደረሰም» ማለት ነው። ፊልትሮው ሞልቶ ዘይቱ ወደ ብሮንዚናዎቹ ጠባብ ክፍተት በደረሰ ጊዜ ጠቋሚው በድንገት ይዘልላል። ይህ ዝላይ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። የደከመ ፖምፓ ያለው ሞተር ጠቋሚው ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሞተሩ ሞቆ ዘይቱ ሲቀጥንም ወደ ታች ይወርዳል። ዘግይቶ ግን በአንድ ጊዜ ከ50 በላይ የሚዘልል፥ ቀኑንም ሙሉ ከዚያ የማይወርድ ጠቋሚ ስለ ፖምፓው የሚመሰክረው በጎ ነገር ነው።

ዘይቱ እንዴት ይወርዳል

«ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» ይባላል፤ ለዚህ ነገር ደግሞ ከብርሌ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ጠጅ የሞላበትን ብርሌ አፉን በጣታችን ደፍነን ብንገለብጠው ጠጁ አይፈስስም። ጣታችንን ጥቂት ፈቀቅ ብናደርግ ግን አየር እየገባ ጠጁ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ዕቃ እንዲጎድል ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ አንደኛ ፈሳሹ የሚወርድበት መንገድ፥ ሁለተኛም በፈሳሹ ፈንታ አየር የሚገባበት መንገድ።

በቆመ ሞተር ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ። መውረጃው ዘይቱ የመጣበት መንገድ ነው፤ በፖምፓው ሆድ ውስጥ በሚዞሩት ብረቶች መካከል ባለው ክፍተት ሾልኮ ወደ ኮፓው ይመለሳል። አየር የሚገባው ደግሞ በብሮንዚናውና በዘንጉ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ይህ ክፍተት በዚህ ዐይነት ሞተር ከ0.025 እስከ 0.07 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ሌሊቱ ረጅም ነው። ሞተሩ ባረጀ መጠን ሁለቱም ክፍተቶች ስለሚሰፉ የሚወርደው ዘይት ይፈጥናል። አሮጌ መኪና ከአዲሱ ይልቅ በዚህ ሕመም የሚያዘው ስለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚወስነው የፊልትሮው አቀማመጥ ነው። በቀደሙት ኤም ጂ ቢዎች ፊልትሮው አፉን ወደ ላይ አድርጎ ከሞተሩ ጎን የተንጠለጠለ ነበር። አፉ ወደ ላይ የሆነ እንሥራ ውሃው እንደማይደፋ ሁሉ የዚህም ዘይት ባለበት ያድራል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከወጡት ግን በብዙዎቹ ፊልትሮው ተገልብጦ አፉን ወደ ታች፥ ጣራውን ወደ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። መካኒኩ ከላይ ሆኖ ያለ ችግር ይደርስበታል፤ ነገር ግን የተደፋ እንሥራ ሆነ። በሌሎች መኪናዎችም፥ ለምሳሌ ትራያምፍ ስፒትፋየር በተባለው፥ ፊልትሮው በአግድም የተጋደመ ነው፤ የርሱም ዘይት መውረጃ ካገኘ ይጎድላል።

የጎማዋ ክዳን

ለተገለበጠና ለተጋደመ ፊልትሮ መድኀኒቱ በፊልትሮው ውስጥ የምትቀመጥ አንዲት ስስ የጎማ ክዳን ናት። ፊልትሮውን አዙረን አፉን ስናይ በመካከል አንድ ትልቅ ቀዳዳ፥ በዙሪያውም ትንንሽ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ዘይቱ የሚገባው በትንንሾቹ፥ የሚወጣው በመካከለኛው ነው። ክዳኗ ትንንሾቹን ቀዳዳዎች ከውስጥ በኩል ትሸፍናለች። ፖምፓው ሲገፋ ከቦታዋ ተነሥታ ዘይቱን ታስገባለች፤ ሞተሩ ሲቆም ተመልሳ ትደፍናለች። በብርሌው ምሳሌ ጣታችንን የምትተካው እርስዋ ናት።

ጎማው የተሠራበት ነገርም ልዩነት ያመጣል። የተለመደው ናይትራይል የሚባለው ጎማ ሙቀት ሲደጋገምበት እየደረቀ ይሄዳል፤ የደረቀ ክዳንም በደንብ አይገጥምም። ሲሊኮን የተባለው ሙቀትን ይበልጥ ስለሚችል ልስላሴውን ረዘም ላለ ጊዜ ይጠብቃል። አዲስ ፊልትሮ ሲደረግ የጠፋ መዘግየት ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ቢመጣ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። መጀመሪያ፥ ፊልትሮ ሁሉ ይህች ክዳን የለውም። የጥርሱ መጠን አንድ የሆነ ፊልትሮ ለብዙ ዐይነት ሞተር ይገጥማል፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ ፊልትሯቸው አፉን ወደ ላይ ያደረገ ስለ ሆነ ክዳን አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ጥርሱ ገጠመ ማለት ለመኪናው ተስማማ ማለት አይደለም። ሁለተኛ፥ ይህችን ክዳን በብዙ ፊልትሮዎች ውስጥ ከሚገኘው ከሌላው በር ጋር ማምታታት አይገባም። ያኛው በር የሚከፈተው የማጣሪያው ወረቀት በእድፍ ሲደፈን ወይም ዘይቱ በብርድ ሲወፍር ነው፤ ያን ጊዜ ዘይቱን ሳይጣራ ያሳልፈዋል። ብሮንዚና ያለ ዘይት ከሚቀር ያልተጣራ ዘይት ቢያገኝ ይሻለዋልና። የአንዱ በር መኖር የሌላውን መኖር አያስረዳም።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው

አሁን ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ «ለስድስት ሰከንድ ይህን ያህል መጨነቅ ያስፈልጋልን?» የሚል ነው። በዚህ ላይ ማጋነንም ማቃለልም ስለማይገባ መሠረቱን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ቢቻም ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የባቡር ተሽከርካሪ ዘንጎች የሚያርፉባቸውን ትራሶች ይመረምር ነበር። ዘይት ሊያስገባበት ከትራሱ አናት ላይ ቀዳዳ ቢበሳ፥ ዘንጉ ሲዞር ዘይቱ ይገባል ሲባል ጭራሽ በቀዳዳው ወደ ውጭ ወጣ። ቀዳዳውን በውታፍ ቢደፍነው ውታፉ ተገፍቶ ወጣ። መለኪያ ቢያስገባበት ግፊቱ በትራሱ ላይ ካለው አማካይ ጫና እጅግ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። የዚህን ምክንያት ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1886 በሒሳብ አስረዳ። የሚዞረው ዘንግ ዘይቱን እየጎተተ እንደ ሽብልቅ ወደ ጠባቡ ቦታ ያስገባዋል፤ የሚፈጠረውም ግፊት ዘንጉን ከትራሱ አንሥቶ ያንሳፍፈዋል። ብረት ከብረት ጋር አይነካካም።

ይህ ግኝት ለእኛ ነገር ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛ፥ ክራንክ ሻፍቱን የሚሸከመው የፖምፓው 50 ፓውንድ ሳይሆን ዘንጉ በመዞሩ ራሱ የሚፈጥረው ግፊት ነው፤ ፖምፓው መጋቢ ነው። ስለዚህ ከትናንት የቀረ ስስ ዘይት በብሮንዚናው ላይ እስካለ ድረስ አንድና ሁለት ሰከንድ መዘግየት ሞተሩን አይገድለውም። ሁለተኛ፥ ያ የቀረው ዘይት ስንቅ ነው። መጋቢው እስኪደርስ ድረስ በያንዳንዱ ዙር ይባክናል፤ አይተካም። ስንቁ ሲያልቅ ዘንጉ ትራሱን ይፍቃል።

ቍጥሩን እንቍጠረው። ሞተሩ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ቢዞር በ6 ሰከንድ ውስጥ ክራንክ ሻፍቱ 100 ጊዜ ይዞራል። ነጂው ከድንጋጤ የተነሣ «ዘይቱ ቶሎ ይምጣ» ብሎ ነዳጅ ቢሰጥና ዙሩ 2,500 ቢደርስ በዚያው ጊዜ 250 ይሆናል፤ ጫናውም ይጨምራል። በዓመት 300 ጠዋት የሚነሣ መኪና በያንዳንዱ ጠዋት 6 ሰከንድ ቢዘገይበት ድምሩ 1,800 ሰከንድ፥ ማለት ሠላሳ ደቂቃ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ያለ መጋቢ ሞተር ለማስነዳት የሚፈቅድ ባለ መኪና አናገኝም፤ በስድስት በስድስት ሰከንድ ተከፋፍሎ ሲመጣ ግን ብዙዎች ይፈቅዳሉ።

ምርመራው እንዴት ይሁን

ፍርድ ከመስጠት በፊት የሚከተለውን በተራ ማድረግ ይገባል።

በመጀመሪያ ሰዓት ይያዝ። ሞተሩ ለአንድ ሰዓት ቆሞ ሲነሣ ጠቋሚው ስንት ሰከንድ እንደሚዘገይ፥ ሌሊቱን አድሮ ሲነሣ ስንት፥ ሳምንት ቆሞ ሲነሣ ስንት እንደ ሆነ ይጻፍ። ለአንድ ሰዓት ሲቆም የማይዘገይ፥ ሲያድር የሚዘገይ ከሆነ ዘይቱ በቆመበት ጊዜ እየወረደ መሆኑ ግልጽ ነው። ሁልጊዜ እኩል የሚዘገይ ከሆነ ግን ምክንያቱን ሌላ ቦታ እንፈልግ።

ሁለተኛ ሞተሩ ሞቆ እያለ መለኪያው ይታይ። በመምሪያው መጽሐፍ ከተወሰነው ቍጥር ላይ ካለ ፖምፓውን ለመክሰስ ማስረጃ የለንም።

ሦስተኛ መለኪያው ራሱ ይመርመር። መለኪያ ሁሉ ፈጣን አይደለም። በአንዳንድ አሮጌ መኪናዎች ያለው የኤሌክትሪክ መለኪያ በሙቀት ኀይል የሚንቀሳቀስ ስለ ሆነ ከጠባዩ ዝግተኛ ነው። ሞተሩ ሳይንኳኳ ጠቋሚው ብቻ ቢዘገይ፥ ዘይቱ ደርሶ መልእክተኛው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ መኪናው ካደረ በኋላ፥ ሞተሩ ሳይነሣ፥ ፊልትሮው ይፈታ። አፉ ወደ ላይ የሆነ ፊልትሮ ሙሉውን ከወረደ ከበደሉ ንጹሕ ነው። የተገለበጠ ፊልትሮ ከሆነ ግን ሲፈታ ዘይት ማፍሰስ አለበት። «እጄን እንኳ ሳያቈሽሸኝ ወጣ» ብሎ የሚደሰት መካኒክ ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ የወጣው ዘይቱ ሌሊቱን ስለ ሄደ ነው። አንዳንድ ብልህ መካኒኮች እንዲህ ያለውን ፊልትሮ ከመፍታታቸው በፊት ጣራውን በምስማር በስተው ጥቂት ይጠብቃሉ። በቀዳዳው አየር ሲገባ ዘይቱ ወደ ሞተሩ ይወርዳልና ሲፈታ አይፈስስም። ይህ የብርሌው ምሳሌ በጋራዥ ውስጥ ሲሠራ የሚታይበት ነው።

የማይረዱ መድኀኒቶች

የትርፉን ዘይት በር የሚይዘውን ሞላ በቀለበት እያስደገፉ ማጠንከር የተለመደ ነው። ይህ በር የሚወስነው የግፊቱን ጣራ ብቻ ነው፤ ጠቋሚው ዜሮ ላይ በተኛበት ሰዓት ግን በሩ ዝግ ነው። ዝግ የሆነ በር ይበልጥ ቢጠነክር ፊልትሮውን ቶሎ አይሞላም።

ወፍራም ዘይትም እንዲሁ ነው። ለነዚህ ሞተሮች ብዙ ጊዜ የሚመረጠው 20 ደብልዩ 50 የሚባለው ዘይት ነው፤ ደብልዩ የተባለው ፊደል ክረምትን ያመለክታል፥ ፊተኛው ቍጥር የብርድ፥ ኋለኛው የሙቀት ጠባዩን ይነግራል። ከዚህ የወፈረ ዘይት በብርድ ጠዋት በመንገዱ ላይ ይጓተታል። መለኪያው ከፍ ያለ ቍጥር ቢያሳይም ወደ ብሮንዚናው የሚደርሰው ዘይት ሊያንስ ይችላል። ቀደም ብለን እንዳልነው ግፊት የተቃውሞ ልጅ ነው፤ መጠንን አይቈጥርም።

ፖምፓ መለወጥ አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ያሻሽላል፤ አዲሱ ፖምፓ ክፍተቱ ጠባብ ስለ ሆነ ዘይቱ ቀስ ብሎ ይወርዳልና። ነገር ግን ለዚህ ብሎ ኮፓ ማውረድ ቤቱን ሳይዘጉ ጣራውን እንደ መለወጥ ነው።

የሚረዱት

አንደኛ፥ ለዚያ መኪና የሚስማማ፥ ክዳን ያለው ፊልትሮ ማድረግ ነው። በሚለወጥበትም ጊዜ አሮጌው የጎማ ቀለበት ከመቀመጫው ተጣብቆ እንዳይቀር መመልከት ያስፈልጋል። አዲሱ ቀለበት በአሮጌው ላይ ከተቀመጠ ዘይት ይሾልካል፤ በጕዞ ላይም ተገፍቶ ቢወጣ ሞተሩ ዘይቱን ሁሉ በመንገድ ላይ ያፈስሳል።

ሁለተኛ፥ ፊልትሮው አፉ ወደ ላይ የሆነ እንደ ሆነ ከመግጠም በፊት ንጹሕ ዘይት መሙላት ነው። የተገለበጠውን መሙላት አይቻልም። አንዳንድ ባለቤቶች ስለዚህ ፊልትሮውን አፉን ወደ ላይ አድርጎ የሚያንጠለጥል ማገናኛ ያስገቡለታል። ይህ ከሁሉ የጸና መፍትሔ ነው፤ ጎማ ቢደርቅም መሬት መሳቧን አትተውምና።

ሦስተኛ፥ መኪናው ለሳምንታት ሲቆም ማንኛውም ክዳን ቢኖረው ዘይቱ መውረዱ ስለማይቀር፥ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ዘይቱ እንዲደርስ ማድረግ ነው። የእሳቱ ገመድ ይነቀላል፤ ካንዴላዎቹ ቢወልቁ ደግሞ ይበልጥ ይቀልላል። ከዚያ ጠቋሚው እስኪነሣ ድረስ በሞተሪኖው ማዞር ነው። ሞተሪኖው እንዳይቃጠል በዐሥር ዐሥር ሰከንድ እያረፉ ይሁን። በዚህ ጊዜ ሞተሩ የሚዞረው ቀስ ብሎ፥ ያለ እሳት ነው። በደቂቃ 150 ጊዜ ቢዞር በዐሥር ሰከንድ 25 ዙር ብቻ ነው፤ ከላይ ከቈጠርነው ከ100ውና ከ250ው ጋር ማመዛዘኑን ለአንባቢ እንተዋለን።

አራተኛው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ጠቋሚው እስኪነሣ ድረስ እግርን ከነዳጅ መርገጫ ላይ ማንሣት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ጠዋት ቸኩሎ ነዳጅ የሚሰጥ ሰው ብሮንዚናውን ፍቆ የፋቀውን ከፊልትሮው ወረቀት ላይ ይለቅማል።

በመጨረሻም አንድ ወሰን እናስምር። እስከ አሁን የተናገርነው ጠቋሚው ዘግይቶ ለሚነሣ ሞተር ነው። ጠቋሚው ከነጭራሹ ካልተነሣ፥ ወይም ግፊቱ ከመጣ በኋላ መንኳኳቱ ካልጠፋ፥ ያን ጊዜ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን ማጥፋት እንጂ ስለ ጎማ ክዳን መመራመር አይገባም። ነገሩ ከፊልትሮ አልፏልና።

ይህ ሕግ ለኤም ጂ ቢ ብቻ የወጣ አይደለም። ፊልትሮው ተገልብጦ ወይም ተጋድሞ የተሠራ መኪና ሁሉ፥ የትም አገር ይነዳ፥ በዚሁ ይተዳደራል። ከባልንጀሮቻችን አንዱ ጠዋት የሚንኳኳ መኪና ገጥሞት «ፖምፓ ለውጥ» ቢሉት፥ አስቀድሞ ሰዓቱን ይያዝ፥ ፊልትሮውንም ያስፈታ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ክራንክ ሻፍት ተፍቆ ብሮንዚና እስኪለወጥ ድረስ ከመጠበቅ፥ ዛሬ የአንድ ፊልትሮ ዋጋ መክፈል ይቀልላል።